ከአንድ በላይ፣ ከሁለት በታች

ሴፕቴምበር 4

ይድረስ ለተከበሩ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣

ጨርቁ ሲገለጥ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ታፔላ ጻፊው እላይ ወጥቶ ጨርቁን ሳብ ሲያደርግ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እርስዎ በአዲሱ ከረባትዎ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ፣ እኔ ሁለት እጄ መሰላሉ ላይ ስለነበር ማጨብጨብ እንኳ አልቻልኩም። ቀና ብዬ አነበብኩት። "ትሪዮ መድኃኒት ቤት" ይላል። ከሥሩ ሦስት ትልልቅ ክኒኖች ተስለዋል። አንዱ ላይ ዩኒ፣ አንዱ ላይ ቢስ፣ አንዱ ላይ ትሪ ተጽፏል። አራተኛ ክኒን ፈለግሁ። ምናልባት የጨርቁ ጫፍ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቁ ወደቀ። የወደቀውም እኔው ራስ ላይ ነው።

ያን ጊዜ መሰላሉን ለቀቅሁ። ታፔላ ጻፊውን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው።

ረስተውት ከሆነ ልቁጠርልዎ፤ የወለዱት አራት ልጆች ነው። ዕድሜዎን ሙሉ በሐኪም ማዘዣ ላይ የላቲን ቁጥር ሲያነቡ ኖረው እኛንም እንደ ማዘዣ ቆጠሩን። የመጀመሪያው ዩኒ ነው፤ አንድ። ዩኒፎርም ላይ ያለው ዩኒ፣ ሁሉም የሚለብሰው አንድ ዓይነት ልብስ። ሦስተኛው ቢስ ነው፤ ሁለት። ቢስክሌት ላይ ያለው፣ ባለ ሁለት እግሩ። አራተኛው ትሪ፤ ሦስት። ሒሳቡ አልገጥም አለዎት? ሦስተኛው ልጅ ሁለት፣ አራተኛው ልጅ ሦስት የሆኑት በዩኒና በቢስ መካከል የተወለድኩትን እኔን ሴስኪ ብለው ስለዘለሉኝ ነው።

ሴስኪ የቁልምጫ ስም መስሎኝ ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት፣ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ስለ አንድ ጨው ሲያስረዱ "ሴስኪ የላቲን ቅድመ ቅጥያ ነው፤ አንድ ተኩል ማለት ነው" ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ክፍሉ ውስጥ ማስታወሻ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ቀልድ ነው ብዬ ዋጥሁት። ታፔላ ግን ቀልድ አይደለም። ታፔላ ዝናብ የማያስለቅቀው ቀለም ነው።

ከአራታችን ፋርማሲ ያጠናሁት እኔ ነኝ። ዩኒ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ ቢስ መኪና ያሻሽጣል፣ ትሪ ምን እንደሚሠራ ገና እያሰበበት ነው። ዐይንዎ ደክሞ የእርስዎ የሙያ ፈቃድ ካለፈበት ወዲህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኔ ፈቃድ ነው፤ ከነፎቶዬ። ቤቱ የሚከፈተው በእኔ ስም፣ የሚጠራው በእነሱ ስም!

እዚህ ሌላ ከተማ መጥቼ፣ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ከቁልፍ ሠሪ ሱቅ በላይ ክፍል ተከራይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲሞረድ እሰማለሁ፤ ከምረቃው ንግግር ይሻላል። ፈቃዴን አውርደው በፖስታ ይላኩልኝ። ስልክ አይደውሉ፣ አላነሳም። ስልክ ላይ አንዴ ሳል ካሉብኝ እንደምሸነፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለተኛ ልጅዎ


ሴፕቴምበር 15

ለምወድሽ ልጄ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ገባ። እናትሽ ደህና ናት። ዩኒ ደህና ነው። ቢስ ደህና ነው። ትሪ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ እሱም ደህና ነው። ታፔላ ጻፊውም ደህና ነው። መሰላሉ ሲንሸራተት የበረንዳውን ጠርዝ ይዞ ተንጠልጥሎ ቆየ እንጂ አልወደቀም። ይቅርታሽን ነግሬዋለሁ። "ምስኪን፣ እጇ ዝሎባት ነው" ብሏል።

ግን "እርስዎ" ያልሽው ማንን ነው? የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። "ሴትዮ፣ እኔ እርስዎ ነኝ እንዴ?" ብዬ እናትሽን ብጠይቃት "ዛሬስ ነህ" አለችኝ።

ስለ ስምሽ ልንገርሽ። ሴስኪ ግማሽ አይደለም። አንድ ከነግማሹ ነው! ዩኒን በግማሽ ትበልጪዋለሽ። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ቅር እንዳይለው። ደግሞ ስምና ቁጥር አልገጠሙም ተብሎ አገር ጥሎ አይኬድም። ሴፕቴምበርን እይው። የስሙ ትርጉም ሰባት ነው፣ ዘጠነኛ ሆኖ ይኖራል። ዲሴምበር አሥር ተብሎ አሥራ ሁለተኛ ነው። ሁለት የሮማ ገዢዎች ጁላይንና ኦገስትን መሃል ገብተው ሰክተውባቸው ነው ቦታቸውን የለቀቁት። ይኸው እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላጉረመረሙም።

ባንኮኒው ላይ ማን ቆመ ብለሽ እናትሽን በመልእክት ጠይቀሻታል አሉ። ሦስቱም ቆመዋል፣ በሥርዓት። ሐሳቡን ያመጣው ቢስ ነው። ማዘዣው "በቀን አንዴ" የሚል ከሆነ ሰውየው ዩኒ ጋ ይሰለፋል። "ሁለቴ" የሚል ቢስ ጋ፣ "ሦስቴ" የሚል ትሪ ጋ። ሦስት ሰልፍ፣ ግፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ብቻ ትሪ ሥራ በዝቶበታል። የሚያስለው ሰው ሁሉ በቀን ሦስቴ ሆኖ ተገኘ። ዩኒ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሲመጣ ይነሳል።

ፈቃድሽን ላወርድልሽ ነበር፣ መሰላሉን የሚይዝልኝ አጣሁ።

በነገራችን ላይ፣ ዘንድሮ ፈቃድሽን ታድሺያለሽ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አባትሽ


ሴፕቴምበር 26

ይድረስ ለተከበሩ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣

መጀመሪያ ወሮቹን ከስም ማጥፋት ላድናቸው። ጁላይንና ኦገስትን ማንም አልሰካቸውም። እዚያው የነበሩ ወሮች ናቸው። ድሮ ስማቸው አምስተኛና ስድስተኛ ማለት ነበር፤ በገዢዎቹ የተለወጠው ስማቸው ብቻ ነው። ቁጥሩ የተዛባው የዓመቱ መጀመሪያ ከማርች ወደ ጃንዋሪ ስለዞረ ነው። ይህ ማለት ሴፕቴምበር አንድ እርምጃ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። መቁጠሩ ከየት እንደሚጀመር የሚወስነው ሰው ነው ሐሳቡን የቀየረው። ይህችን ነገር ኪስዎ ውስጥ ያቆዩልኝ።

አሁን ወደ እኔ። ሴስኪ የተሠራችው ከሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ "ግማሽ" ነው፣ ሌላው "ደግሞ" እንደማለት ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ "ግማሽም አለ" ይሆናሉ። አንዱስ የት ሄደ? የለም! ሮማውያን አንዱን ቃሉ ውስጥ አልጻፉትም፤ ሰሚው ከራሱ እንዲጨምር ተዉት። ከዩኒ በግማሽ ትበልጫለሽ ይሉኛል። የምበልጥበት ግማሽ ተጽፏል፣ እኔ ራሴ ግን አልተጻፍኩም።

የተወለድኩ ዕለት ያሉትን እናቴ ነግራኛለች። "ሁለትን ለወንዱ እናቆይለት" ብለዋል። ቁጥር ይቆያል እንዴ? እንደ አውቶቡስ ወንበር ሻርፕ ጥለው ያዙለት? ቢስ ገና ሳይታሰብ ወንበሩ ተይዞለት ነበር፤ እኔ እዚያው ተወልጄ ቆሜ ሄድኩ።

የሰልፉን ነገር ሳነብ በሳቅ ፈረስኩ። ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን አቁሞ "ደህና ነሽ?" ብሎ ከታች ጮኸ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው የማን ፎቶ እንደሆነ ትዝ አለኝና ሳቄ ደረቀ። ሐሳቡን ያመጣው ቢስ መሆኑ አልገረመኝም። ስሙ "መላ" ከሚለው ቃል ኋላ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያምር ከልጅነታችን ጀምሮ ስነግረው ኖሬያለሁ።

ለጥያቄዎ መልስ፦ ፈቃዴ ታድሷል፣ ለዚህ ሆስፒታል። አንድ ፋርማሲስት በአንድ ፈቃድ ሁለት ቦታ አይቆምም፤ አንድ ተኩል ብትሆንም እንኳ። ስለዚህ እርስዎ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት የሞተ ነው። መሰላል የሚይዝ ካጡ ወንበር ላይ ይቁሙ፤ ወንበር ላይ መቆም ካስፈራዎ በመጥረጊያ እንጨት ይምቱት። ብቻ ይውረድ።

ሁለተኛ ልጅዎ


ኦክቶበር 10

ልጄ፣

ሁላችንም ደህና ነን። በጣም ደህና ነን። እንደዚህ ደህና ሆነን አናውቅም።

መድኃኒት ቤቱም ደህና ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ላይ ነው። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከታፔላው ቀለም ጋር አይጣላም። ዩኒ ወደ ስልክ ሽፋኑ ተመልሷል። ቢስ ሰው አያናግርም። ትሪ ጉንፋኑ ስለለቀቀው ደስ ብሎታል።

እኔ በዚያ ሰዓት ሲየስታ ላይ ነበርኩ። በየትኛው ሰዓት ብለሽ ስላልጠየቅሽኝ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የቀትር እንቅልፍ ሲየስታ የተባለው ስድስተኛ ከሚለው የላቲን ቃል መሆኑን ግን ታውቂያለሽ። ሮማውያንም እንደ እኛ እኩለ ቀንን ስድስት ሰዓት ነበር የሚሉት። ስድስት ሰዓት ላይ የሚተኛ ሰው በምንም ሊወቀስ አይገባም፤ ከጥንት የመጣ ነገር ነው።

ግማሽ መባል ይህን ያህል አያስከፋ። ሴሚስተር እንኳ ግማሽ ተብሎ ስንት ምሁር አፍርቷል።

ፈቃዱን አላወረድኩትም፤ ግድግዳው ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው። አሁን ወርዷል። እኔ አይደለሁም ያወረድኩት።

ከእኔ ያልሆነ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢመጣልሽ እንዳትደነግጪ። ባትከፍቺውም ይሻላል።

አባትሽ


ኦክቶበር 19

አባዬ፣

"እርስዎ"ን ትቼዋለሁ። ታርቄህ እንዳይመስልህ፤ ለመቆጣት "አንተ" ይቀላል።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ከፈትኩት፤ ክስ ነው። "ኃላፊ ፋርማሲስት" ይልና ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ይጽፈዋል። ታፔላው ላይ ለአንዲት ክኒን ቦታ ያልተገኘለት ስም ክሱ ላይ በትልቁ፣ በደማቁ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት ወጥቷል። እዚህ የክፍሌ ኃላፊ ጠርታኝ "እስኪጣራ ድረስ ባንኮኒው ላይ አትቁሚ" ብላኛለች። የእሷ ግልባጭ እኔን ቀድሞ ደርሷት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የጥጥ ጥቅል ስቆጥር ዋልኩ። ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፣ ይገባሃል? ያን ሁሉ ዓመት አንብቤ ያገኘሁትን፣ የራሴ የምለውን አንድ ነገር።

ሌላ "ደህና ነን" ብትልክልኝ ሳልከፍተው ነው የምመልሰው። ማን መጣ? ምን ጠየቀ? ማን ምን ብሎ መለሰ? ሳትዘል ጻፍልኝ። መዝለል እንደምትችል አውቃለሁ።


ኦክቶበር 30

ልጄ፣

እሺ። ደህና አይደለንም።

ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት መጣች። በእጇ ማዘዣ ይዛለች። ሰልፉን አይታ የቱ ጋ እንደምትቆም ጠየቀች። ትሪ "ስንት ጊዜ ነው የታዘዘልሽ?" አላት። "በቀን አንዴ" አለች። "እንግዲያው ዩኒ ጋ" ተባለች። ዩኒ ስልኩን አስቀምጦ ማዘዣውን ተቀበለ። "አንድ ተኩል ክኒን፣ በቀን አንዴ" ይላል።

"አንዴው የእኔ ነው" አለ ዩኒ፣ "አንድ ተኩሉ ግን የእኔ አይደለም። የእህታችን ነው።"

"እህታችሁ የት ናት?"

"ተቀይማ ሄዳለች።"

ሴትየዋ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ዩኒ ግን ምርር አለ። "አንድ ብቻ ውሰጂና ግማሿን ተያት፣ ከእኔ ጋር እንጨርስ" አላት። ቢስ ይሄኔ ጣልቃ ገባ። "ለምን ትቀንሳለህ? ወደ ሁለት ከፍ ይበልና እኔ ላስተናግዳት።" ትሪ ደግሞ ከወዲያ፦ "አንድ ተኩል የሦስት ግማሽ አይደለም እንዴ? በሒሳብ ከሄድን የምትደርሰው ለእኔ ናት።" ሦስቱም ማዘዣውን ይዘው መጓተት ጀመሩ። እኔ ከጓዳ፣ ከእንቅልፌ፣ "ምንድነው?" ብል "ምንም አይደለም አባዬ፣ ግማሽ ናት ያስቸገረችን!" አሉኝ።

ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን አየች። "ይህች ፋርማሲስት የት ናት?" አለች። ዩኒ ሊያለቅስ ትንሽ ሲቀረው "እሷ ናት እኮ አንድ ተኩሏ" አላት። ሴትየዋ ከቦርሳዋ መታወቂያ አወጣች። የጤና ተቆጣጣሪ ናት። ፈቃድሽን ያወረደችው እሷ ናት፤ መሰላልም አልፈለገች፣ ቁመቷ ደረሰ።

የሆነው ይሄ ነው። ምንም አልዘለልኩም።

በማግስቱ ቢሯቸው ሄድኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ ፈቃዱን አውርዱ ብላ ሁለቴ ጽፋለች" አልኳቸው። ማስረጃ አሉ። ደብዳቤዎችሽን ሰጠኋቸው። ተቆጣጣሪዋ ጮክ ብላ አነበበቻቸው፤ ከሌላ ቢሮ ሁሉ እየመጡ ሰሙ። የአውቶቡስ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ሴቶቹ ዞረው እኔን ብቻ ያዩኝ ጀመር። እንደዚያ ቀን አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። ስትጨርስ "መሰላሉን መልቀቋ ትክክል ነው" አለችኝ። ክሱ ተነስቶልሻል፤ ለሆስፒታልሽም ጽፈዋል።

ቤቱ ግን ፋርማሲስት እስኪቆምበት አይከፈትም። ሌላ ሰው ልቀጥር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ባዶው ግድግዳ ላይ ፎቶሽ የነበረበትን ነጭ ቦታ አየሁትና ማሰቡን ተውኩ። ነይልኝ።

ሁለት ነሽ እንዳልልሽ፣ አንቺ ሁለት ከሆንሽ ቢስ ሦስት፣ ትሪ አራት ሊሆኑ ነው። ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው፣ እንዴት ብዬ እንደ አዲስ ልቁጠራቸው? ግን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ታፔላው ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ አለች። ሙሉ ክኒን አትይዝም እንጂ ግማሽ ክኒን በደንብ ትይዛለች።

አባትሽ

እናትሽ ነኝ፦ ደብዳቤውን ለፖስታ ላሽገው ስል ነው የግማሽ ክኒኗን ነገር ያየሁት። እኔም ልሰርዘው ነበር፤ ግን አንቺ ራስሽ አንብቢውና የልብሽን መልሺለት ብዬ ተውኩት። አይዞሽ፣ አትራሪለት።


ኖቬምበር 9

አባዬ፣

ቢሯቸው ድረስ ሄደህ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለትህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእኔ ብትለው ኖሮ መልካም ነበር፤ ለመንግሥት ማለትህም ቀላል አይደለም። ክፍል ኃላፊዋ ትናንት ወደ ባንኮኒው መለሰችኝ። የጥጥ ጥቅሉን ደህና ሁን አልኩት።

ስለ ግማሽ ክኒኗ ግን። ማዘዣ አንባቢ ሆነህ ታፔላ ላይ ግማሽ ክኒን ልትስል? ያየ ሁሉ ቤቱ ስንጥቅ ዕቃ የሚሸጥ አይመስለውም? ሴሚስተርም ግማሽ አይደለም። አንተም፣ ሰዉ ሁሉ፣ ግማሽ ይመስላችኋል። የመጣው ስድስትና ወር ከሚሉት ቃላት ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይጎድል። አየህ አባዬ፣ ከላይ ሲያዩት ግማሽ የመሰለህ ነገር ስድስት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጢም ያወጡ ሰዎችን እንዴት ልቁጠር ላልከው መልሱን የጻፍክልኝ አንተው ነህ። ዲሴምበር አሥር ተብሎ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ይኖር የለ? ቢስም ሁለት እየተባለ ሦስተኛ ሆኖ ይኖራል። ስሙን አልነካበትም፣ ወዶታል። ቦታውን ግን ይልቀቅ። ኪስህ ውስጥ አቆይልኝ ያልኩህን ነገር አሁን አውጣው፦ መቁጠሩ ከየት እንደሚጀመር የሚወስን ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ሮማውያን ለአንድ ዓመት ሙሉ ከቀየሩት፣ አንተ ለአራት ልጅ አያቅትህም።

እመጣለሁ። የምመጣው ግን ኃላፊ ሆኜ ነው። ማዘዣ የሚነካው የእኔ እጅ ብቻ ይሆናል። ዩኒ ካርቶን ያውርድ፣ ቢስ ዕቃ ከመጋዘን በመኪና ያምጣ፤ ትሪ ደግሞ ማሰቡን ጨርሶ ከሆነ ትምህርት ቤት ይግባና ያግዘኝ፣ እሱ እንኳ ያለ ሥራው ነው ባንኮኒ ላይ የቆመው። ሰልፉ አንድ ብቻ ነው። አንተ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተኛ፤ ያን አልከለክልህም። ጓዳው ውስጥ የምታንኮራፋው ድምፅ ከሌለ ያ ቤት መድኃኒት ቤት አይመስለኝም።

ታፔላው ይውረድና አዲስ ይጻፍ። ክኒን አልፈልግም፣ ሙሉም ቢሆን። ስሜ፣ ክሱ ላይ እንደነበረው፣ ከነአባቴ ከነአያቴ ይጻፍ። የአባቴ ስም የአንተ ስለሆነ አንተም አብረህ ትወጣለህ፤ እንዳልዘለልኩህ ልብ በል። ያ ሳይሆን ከመጣሁ ከአውቶቡሱ ሳልወርድ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ወንበሬንም ማንም ሻርፕ አይጥልበትም።

እቤት ውስጥ እንደለመድከው ሴስኪ በለኝ፤ ሲቆጠር ግን ሁለት ነኝ። በእንግዶች ፊት፣ በሥራ ላይ፣ በሰልፍ ላይ ሁለት ነኝ። ለወንድ የሚቆይ ቁጥር ከእንግዲህ አልቀበልም። ሰሚ ከራሱ የሚጨምረው አንድ ሆኜ፣ ሳልጻፍ መታሰብን አልቀበልም። ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ታፔላ ላይ መቅረትን አልቀበልም።

ታፔላ ጻፊውን ሰላም በልልኝ፤ ዘንድሮ እንደማይንጠለጠል ቃሌን ስጠው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉህ፣ ይያዙለት። እኔ መንገዱ መሃል፣ ከሰዉ ጋር፣ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ። ጨርቁ ሲገለጥ አነብበዋለሁ፤ የምወደው ከሆነ አጨበጭባለሁ።

መሰላል ግን ከእንግዲህ አልይዝም።

ሁለተኛ ልጅህ